አንድ የሚመስሉ ሁለት አበቦች

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የዱር አበባ ወዳጆች፣

በሚቀጥሉት ሳምንታት ብዙዎቻችሁ ብርቅዬ አበቦችን ለመቁጠር መስክ ትወጣላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ አደራ አለኝ። ከመቁጠር መለየት ይቀድማል። ስሙ ከተሳሳተ ቁጥሩ ለማንም አይጠቅምም።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሰሜን አሜሪካ የሆነው ያሳየናል። እዚያ በሜዳማው የሣር ምድር ላይ፣ ከንፈራቸው፣ ማለትም የታችኛው ሰፊ የአበባ ቅጠላቸው፣ በጥልቀት የተተለተለ ነጭ ኦርኪዶች ይበቅላሉ። ለረጅም ዘመን ሁሉም ፕላታንቴራ ሊዩኮፊያ በሚል አንድ ስም ይጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሼቪያክ እና ቦልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጉዳዩን መርምረው አንድ የተባለው ዝርያ ሁለት መሆኑን አሳዩ። ምዕራባዊው ፕላታንቴራ ፕሪክላራ ተባለ፤ ምሥራቃዊው የድሮ ስሙን ያዘ። እስቲ አስቡት፤ ድሮም ብርቅ የነበረው አበባ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ይበልጥ ብርቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ገቡ።

ልዩነታቸው የት ነበር? እርግጥ የምዕራባዊው አበባ ተለቅ ይላል። ዋናው ነገር ግን ያለው አበባው መሃል ላይ ነው። ኦርኪድ የወንዴ ብናኙን እንደ ዱቄት አይበትነውም። በሁለት ትናንሽ ጥቅሎች ይይዘዋል። በእያንዳንዱ ጥቅል ጫፍ ላይ የምታጣብቅ ትንሽ ክብ ነገር አለች። ሲመሽ ምላሳቸው ረጅም የሆነ ትልልቅ የእሳት እራቶች ወለላ ፍለጋ ይመጣሉ። በምዕራባዊው አበባ ሁለቱ ተጣባቂዎች የተራራቁ ናቸው፤ በመካከላቸው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ አለ። እራቷ ራሷን ስታስገባ ብናኙ ዓይኖቿ ላይ ይለጠፋል። በምሥራቃዊው ግን ተጣባቂዎቹ ስለሚቀራረቡ ብናኙ የሚለጠፈው ምላሷ ላይ ነው። አንዷ እራት ሁለቱንም ብትጎበኝ እንኳ የአንዱ ብናኝ ሌላኛው በሚቀበልበት ቦታ ላይ በቀላሉ አያርፍም። እኔ በዕፅዋት ዓለም ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

አውሮፓ ውስጥም ተመሳሳይ ጥንድ አለ፤ ፕላታንቴራ ቢፎሊያ እና ፕላታንቴራ ክሎራንታ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያው ናቸው። ፊት ለፊት ቀርባችሁ ስታዩ ግን የቢፎሊያ ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን፣ ትይዩ ቆመዋል። የክሎራንታዎቹ ከላይ ተጠጋግተው ወደ ታች እየተራራቁ ይወርዳሉ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ ኦርኪዶች ሲጽፍ ይህንኑ ልዩነት አስተውሎ ነበር። በዘረመል ምርመራ እነዚህ ሁለቱ እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ነው የሚገኙት። እዚህ ላይ ከላቦራቶሪው ይልቅ የእጅ አጉሊ መነጽር ቶሎ ይነግራችኋል።

እንግዲህ ቁመትና ቀለም ላይ ብቻ አትመኩ። ጥላ ውስጥ የበቀለ ተክል ይመዘዛል፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለው ያጥራል። አበባ ሲያረጅ ቀለሙም ይለወጣል። ብናኝ የሚለጠፍበት ቦታ ግን የመራባት ጉዳይ ነውና እንዲህ በቀላሉ አይዋዥቅም።

ፎቶ ስታነሱ ከላይ ብቻ አንስታችሁ አትሂዱ። ከላይ የተነሳ ፎቶ ያምራል፣ ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ አይረዳም። አንዱን አበባ ፊት ለፊት፣ ሌላውን ከጎን አንሱ። ከኋላ የሚወጣው የወለላ ቱቦ መታየት አለበት። ማስመሪያ አጠገቡ ያዙ። ቅጠሉንም አትርሱ። አበባውን ግን አትቅጠፉ፤ ብርቅ የሆነ ተክል ዘር የሚሰጠው በዚያው አበባ ነው። ደግሞ አንድ ተክል አይታችሁ አትፍረዱ። በአካባቢው ያሉትን ሌሎችም እዩ።

መካከለኛ የሚመስል ያጋጥማችሁ ይሆናል። ቢፎሊያና ክሎራንታ አንድ ቦታ ሲበቅሉ አንዳንዴ ይዳቀላሉ፣ የድቅሉም ጥቅሎች በሁለቱ መሃል ያለ አቀማመጥ ይኖራቸዋል። እንዲህ ሲሆን በግድ ስም አትስጡት። «ፕላታንቴራ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉና ፎቶዎቹን አያይዙ። ይህ ሥራን ጎዶሎ መተው አይደለም። በግምት የተጻፈ ስም አንዴ መዝገብ ከገባ በኋላ ለማውጣት ያስቸግራል፤ ጎዶሎ መዝገብ ግን በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ሰው ሊሞላ ይችላል።

በመጨረሻ ስለ ቦታ። ትክክለኛውን ሥፍራ ለመዝገቡ ኃላፊ ብቻ ስጡ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉት። ኦርኪድ ነቅለው የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ለማየት ብቻ የሚመጣው ሰው እግርም ገና ያላበቡትን ቡቃያዎች ይረግጣል። አመሰግናለሁ።