ቢሮው ሳይመጣ ኪራዩ ይደርሳል

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ! እናቶች፣ አባቶች፣ ሼኾች፣ ቀሳውስት፣ የደሴ ልጆች።

ስለ መሥሪያ ቤቶች መዛወር አስተያየት ስጡ ተብለን ነው የተጠራነው። እሰጣለሁ። ለምን ይዛወራል ብዬ ግን አልከራከርም። ፒያሳ ተጨናንቋል፤ ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር በጠባብ ቦታ የተሰነቀረች ናት፤ ወደ ጢጣና ወደ ቦሩ ሜዳ መውጣት ግድ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ማን ጋ ነው?

አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። በር ላይ ጀበና ቡና እያፈላች ልጆች ታሳድጋለች፣ አንድ ክፍል ተከራይታ። አንድ ቀን ቀያሾች መጥተው ሰፈራችን ውስጥ ኖራ በተኑ። በቃ፣ ይኸው ነው። መሠረት አልተቆፈረም፣ ታፔላ አልተሰቀለም። ብዙም ሳይቆይ ደላላው ሰው አስከትሎ ግቢ ገባ፤ ግድግዳ ይደበድባል፣ ጣሪያ ያያል፣ "ሽንት ቤቱ የጋራ ነው?" ይላል፣ እሷ እዚያው ሽሮዋን እያማሰለች! አከራይዋ ክፉ ሰው አይደሉም፣ አብረን ለቅሶ የተቀመጥን ነን። ግን "ልጄ፣ ቢሮ እየመጣ ነው፣ ወይ ጨምሪ ወይ ልቀቂ" አሏት። ለቀቀች። "አብሽሪ" ከማለት ሌላ ምን አቅም ነበረን? ቢሮውስ? አልመጣም። ኖራውን ዝናብ አጠበው። ዋጋው ግን በወጣበት ቀረ።

የቢሮ ሠራተኛው ነው ያስወደደው እንዳትሉኝ። በመንግሥት ደመወዝ ማን ኪራይ ያስወድዳል? እሱም ከኛው ጋር ቤት ፈላጊ ነው። ያስወደደው ቀድሞ የሰማው ነው! ነዋሪው ያላየውን ፕላን ደላላው በስልኩ ይዞት ይዞራል። ማን ሰጠው? መድረክ ላይ የተቀመጣችሁ፣ እስቲ መልሱልኝ!

ቢሮ ሲሄድም አይተናል። ደሴ የወሎ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ክልል ሲመጣ ወንበሩ ባሕር ዳር ሆነ፣ እኛ የዞን መቀመጫ ሆነን ቀረን። እዚያ ዘመድ ያላችሁ የመሬቱን ዋጋ ታውቁታላችሁ። አሁን ደግሞ ከፒያሳ ቢሮ ሲወጣ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱና ራፖር ጸሐፊው ምን ይብሉ? ይኸም ይታሰብበት።

የኪራይ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1320/2016። ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። እዚህም ይሥራ። ቢሮ የሚዛወርበት ቦታ ደግሞ በተወሰነበት ቀን በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ፣ ደላላውም እኛም እኩል እናንብብ።

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው? ይኸን ጻፍልኝ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ።