ለድልድይ ጣሪያ ምን ያደርግለታል?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ከኋላ የምትሯሯጡ ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን፣ ፍሬድሪክን አልፈን፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ተርሞንት አጠገብ የደረስነው አንድ ባለ ጣሪያ የእንጨት ድልድይ ለማየት ነው። አውቶቡስ ውስጥ «ለድልድይ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ መንገድ?» ስትባባሉ ሰምቻለሁ። ፍርዱን ካያችሁት በኋላ ስጡ።

ይህ የሎይስ ስቴሽን ድልድይ ነው። በ1848 ገደማ ተሠራ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ርዝመቱ 90 ጫማ፣ ማለትም 27 ሜትር ያህል ነው። ከሥሩ የሚፈሰው ወንዝ ኦውንስ ክሪክ ይባላል።

ለመሆኑ ጣሪያው ለምን አስፈለገ? ለመንገደኛ መጠለያ ነው፣ ፈረስ ውኃውን አይቶ እንዳይደነብር ነው እየተባለ ብዙ ይወራል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ድልድይ ሲሠራ ሸክሙን እንዲይዙ የታሰቡት በግራና በቀኝ የቆሙት የእንጨት ማዕቀፎች ናቸው። ስትገቡ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ቀጥ ብለው የቆሙ ወፋፍራም ቋሚዎች አሉ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሰያፍ የገቡ ድጋፎች። ክብደቱ በነዚህ ሰያፎች በኩል ወደ ሁለቱ ዳርቻ ይወርዳል። የወለሉ ጣውላ ቢያልቅ ይቀየራል፤ የማዕቀፉ መጋጠሚያ ውኃ ገብቶት ከበሰበሰ ግን ድልድዩ አለቀለት። ጣሪያና ግድግዳ የለበሰ ድልድይ መቶ ዓመት ሲሻገር፣ ያልተሸፈነው በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። አገር ቤት የሣር ቤት ያቆማችሁ አባቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ ክዳኑ ካፈሰሰ ማገሩ አይቆይም።

እዚህ አሜሪካ ቀደምት ከሚባሉት ባለ ጣሪያ ድልድዮች አንዱ በ1805 ፊላዴልፊያ ላይ የተከፈተው ነው። የሠራው ቲሞቲ ፓልመር ነው፤ ይሸፈን ብለው የወተወቱት ግን የድልድዩ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳኛ ሪቻርድ ፒተርስ ናቸው። ገንዘብ ያወጣ ሰው ስለ ድልድዩ ዕድሜ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ጌቲስበርግ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1863 እዚያ ከተካሄደው ውጊያ በኋላ፣ የሰሜኑ ጄኔራል ሚድ የሚያፈገፍገውን የደቡቡን የጄኔራል ሊን ጦር ሲከታተል በዚህ ድልድይ እንደተሻገረ የአካባቢው ሰው ይተርካል። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ድልድይ በ1991 ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ተቃጠለ። በኮንክሪት መተካት ይቻል ነበር፤ አልተደረገም። በቀድሞው አሠራር ከእንጨት እንደገና ተሠርቶ በ1994 ተከፈተ።

ታዲያ እንዲህ የታደሰ ድልድይ ታሪካዊ ነው ይባላል? እኔ አዎ ባይ ነኝ። ቅርስ ሲባል አጥር ተበጅቶለት፣ «አትንኩ» ተብሎ ተጽፎበት የሚቀመጠውን ዓይነት ብቻ አልወድም። በዚህኛው ላይ ዛሬም የአገሬው ገበሬ በመኪናው ያልፍበታል። እዚሁ ቅርብ ያለው የሮዲ ሮድ ትንሹ ድልድይም በ2016 የጭነት መኪና ጎድቶት ተጠግኗል። አገልግሎት ላይ ያለ ነገር ይጎዳል፣ ይጠገናል። ድልድይ ሲሰበር ምን እንደሚጎድል ደግሞ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ በዓባይ ላይ ያለው የሰባራ ድልድይ ቅስት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከፈረሰ በኋላ ስንቱ በገመድ እየተሳበ ተሻግሯል!

አሁን እንሂድ። መንገዱ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ ልጆች፣ የወላጆቻችሁን እጅ ያዙ። መኪና ሲመጣ ጥጋችሁን ያዙ፤ ሹፌሩ ሰላምታ ከሰጣችሁ እጃችሁን አንሡለት። እንጨቱ ላይ ስም መጻፍ የለም፤ የፍቅረኛም ቢሆን። ምሳው ከዛፎቹ ሥር ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ይቀርባል፤ እናቶችና አባቶች ቅድሚያ አላችሁ።