ልጆቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት እናዳምጣቸው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ዲስሌክሲያ ስለሚባለው የንባብ ችግርና ቀድመው ስለሚታዩት ምልክቶቹ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የአምስት ዓመት ተማሪ ነበረኝ። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ሲባል ድምፁ ከክፍሉ ሁሉ ጎልቶ ይሰማል፤ ሳያቋርጥ ይወርደዋል። እኔም «ጎበዝ!» እለው ነበር። አንድ ቀን «ቡ»ን ብቻ ነጥዬ በጣቴ አሳየሁት። ዝም አለ። ከዚያ በለሆሳስ «ሀ ሁ» ብሎ ከመጀመሪያው ተነሣ። «በ ቡ ቢ» ጋ ደረሰ፣ አለፈ። ከአፉ የወጣችው «ቡ» ጣቴ ሥር ያለችው መሆኗን አላወቀም። ገና ሕፃን ነው ብዬ ተውኩት። ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ማንበብ አቃተው፤ «ሰነፍ» ተባለ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የጥንት የኔታዎች ሀሁን ያስቆጠሩትን ልጅ መልሰው «አ ቡ ጊ ዳ» ያስቆጥሩታል። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ፊደሉን ያወቀውና በዜማ የያዘው ይለያል። እኛም ቤት ውስጥ ፊደል እያዘበራረቅን እንጠይቅ።

ዲስሌክሲያ የሚባለው ችግር በዋናነት የቃልን ድምፆች ነጣጥሎ ከፊደል ጋር የማገናኘት ችግር ነው። ከስንፍናም ከአእምሮ ማነስም አይመጣም። ስለዚህ ምልክቱ ደብተር ላይ ሳይደርስ በጆሮና በአንደበት ይታያል። እንካ ስላንቲያ ስትጫወቱ «በቆሎ» ሲባል ጓደኞቹ «ቶሎ» ብለው ቤት ሲመቱ ችግሩ ያለበት ልጅ ግን ነገሩ አይያዝለትም። «ዳቦ፣ ዳኛ፣ ሙዝ» ብላችሁ በአጀማመሯ የተለየችውን ብትጠይቁት ይጠፋበታል። «አበባ»ን አ-በ-ባ ብሎ በጭብጨባ መቁጠር ያስቸግረዋል። የሚያውቀውን ቀለም ስም ለመጥራት «እንትን… እንትን» ይላል። አፍ የፈታውም ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ በዘር ሊወርድ ይችላል። እናቶችና አባቶች፣ «እኔም በልጅነቴ ንባብ አልገባ ብሎኝ ነበር» የምትሉ ካላችሁ እባካችሁ አትፈሩ፣ ንገሩን። ይህ ከትልልቆቹ ጠቋሚዎች አንዱ ነው።

ፊደል ገልብጦ መጻፍ ወይም «ሰ»ን ከ«ሸ» ማምታታት ግን በዚህ ዕድሜ የብዙ ልጆች ነገር ነው፤ በዚህ አትደንግጡ። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅም አማርኛው ቢዘገይ ዲስሌክሲያ አለበት ማለት አይደለም። በአፍ መፍቻው እንፈትሸው።

አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ሦስት አራቱ ተደራርበው ለወራት ከቆዩ ግን መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ ኑ። ባለሙያ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። በቀን ዐሥር ደቂቃ የድምፅ ጨዋታ፣ ተረት፣ ፊደልን ከነድምፁ አንድ በአንድ ማሳየት ማንንም ልጅ አይጎዳም፤ እነዚህን ልጆች ደግሞ ብዙ ይጠቅማል።

ዛሬ ማታ መብራት ሳታጠፉ እንካ ስላንቲያ ተጫወቱ። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፤ የሰማችሁትን ንገሩኝ።