የመጀመሪያ መላጫዬ የቱ ይሁን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ባለፈው ሳምንት ስለ ብረት መላጫ ጥቂት ተናግሬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አላረፈም። የደወላችሁት አብዛኞቻችሁ ከከተማው ዳር ናችሁ፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከጀሞ፣ ከሱሉልታ፣ ከቦሌ አራብሳ። የእኔም ጸጉር ቤት አያት ነው፤ በዚህ ሙያ 20 ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ የምትሉት ነገር ይገባኛል። በሰዓት ማነስ ያልመለስኳቸውንም ጨምሬ እዚህ ጽፌላችኋለሁ።

ላልሰማችሁ፦ የምናወራው ስለ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ነው። ያ ከሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ የምንገዛው ቀጭኑ ምላጭ። በክዳንና በመደቡ መሀል ገብቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ እጀታውን ይዞ መላጨት ነው።

ከኮዬ ፈጬ የደወለ ወጣት፦ «እስካሁን ተጠቅሜ በምጥለው ፕላስቲክ ነበር የምላጨው። የብረቱን ልጀምር ብዬ መርካቶ ሄድኩ። አንዱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው፣ አንዱ ከላይ እንደ በር ይከፈታል፣ አንዱ ሦስት ቦታ ይፈታል። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሦስት ቦታ የሚፈታውን፣ ጥርስ የሌለውን ግዛ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ጥርስ ያለው መላጫ ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ነው። የረዘመ ጢም ላይ ጎበዝ ነው፤ አረፋውንም ገፍቶ አይጠርገውም። ግን እጅህ ገና አልለመደም፤ ትንሽ ብትጫን ይቆርጥሃል። ጥርስ የሌለው ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ምላጩ ከመድረሱ በፊት ቆዳህን ገፋ አድርጎ ይይዝልሃል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንደ በር የሚከፈተው ምላጭ ለመቀየር ይመቻል። ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ይበዛበታል። ሳሙናና ጸጉር ውስጡ ይጠራቀማል። ርካሹ ደግሞ ቶሎ ይላላና ምላጩን እኩል አይዝም። ሦስት ቦታ የሚፈታው ግን የሚበላሽ ነገር የለውም፤ ፈታ፣ ለቅለቅ፣ አድርቆ መግጠም ነው።

ከባለሱቁ ጋ እያለህ አንድ ነገር አድርግ። ምላጭ አስገብተህ አጥብቀውና ወደ ዓይንህ ቀጥ አድርገህ እየው። የምላጩ አፍ በግራም በቀኝም እኩል ብቅ ማለት አለበት። በአንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ ተወው። ዋጋው ምንም ቢረክስ ተወው! በአንዱ ጎን እየላጨ በሌላው ይቆርጥሃል። እጀታውም ሻካራ ይሁን፤ ሳሙና የነካው እጅ ያንሸራትታል።

ብዙ ብር አታውጣ። መላጫው ውድ ስለሆነ እጅህ አይሠለጥንም። አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ፤ የዚህ ምላጭ ልክ በዓለም አንድ ነው። የቱርክ ምላጭ ጀርመን በተሠራ መላጫ ይገባል፣ የግብፁ በቻይናው ይገባል። በካርትሪጅ፣ ማለትም ስለቶቹ በፕላስቲክ ታቅፈው ጭንቅላቱ ብቻ እየተነቀለ በሚቀየረው መላጫ፣ ግን የአንዱን ድርጅት መያዣ ከገዛህ ለምላጩም የእሱ ጥገኛ ትሆናለህ። የሚገርመው፣ የሚጣል ምላጭ ያለውን መላጫ ለገበያ ያወጣው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት በፈረንጆቹ 1903 በጠቅላላው የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ዛሬ በየሰፈሩ ሱቅ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ከለገጣፎ የደወለ አድማጭ፦ «ጓደኛዬ የጃፓኑን ፌዘር ምላጭ ይዞ መጣና "ከዚህ የተሻለ የለም" አለኝ። ሞከርኩት፤ አንገቴን ቆራረጠኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በዚያው ምላጭ እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልሳል። ጥፋቱ የእኔ ነው?»

የአንተም አይደለም፣ የምላጩም አይደለም። ፌዘር በስለቱ የታወቀ ነው፤ በሠለጠነ እጅ ድንቅ ነው። ግን መጀመሪያ የሚያዝ ምላጭ አይደለም።

ምላጭ እንደ ጫማ ነው፤ የጓደኛህ ልክ ለአንተ ላይሆን ይችላል። ጢምህ ወፍራም ነው ወይስ ስስ? ቆዳህ ቶሎ ይቆጣል? መላጫህ ለስላሳ ነው ወይስ ኃይለኛ? እነዚህ ሁሉ ይወስናሉ። የሚሻለው መንገድ ሁለት ሦስት ዓይነት ትንሽ ትንሽ ገዝቶ መሞከር ነው። የቱርኩ ደርቢ ብዙ ሰው ለስላሳ የሚለው ነው፤ ጢሙ ስስ ለሆነ ይስማማል። የግብፁ ሻርክ አለ። አስትራም መካከለኛና ለጀማሪ የሚመከር ነው። ከእነዚህ ያገኘኸውን ያዝ።

አሁን የምለውን ግን አደራ፣ አስምርበት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ብዙ ሰው መላጫም፣ ምላጭም፣ ሳሙናም በአንድ ቀን ይቀይራል። ከዚያ ሲያቃጥለው የቱ እንዳቃጠለው አያውቅም። አንዱን ምላጭ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ተላጭበት። መላጫውም ሳሙናውም ያው ይሁን። ከዚያ ሌላውን ሞክር።

«ለስላሳ ምላጭ» ሲባል ደግሞ ዱልዱም ማለት አይደለም። ዱልዱም ምላጭ ጢሙን ይጎትታል፤ ሲጎትት አንተ ትጫናለህ፤ ስትጫን ይቆርጥሃል። እኔ ጸጉር ቤት ውስጥ ካየሁት ቁስል አብዛኛው ከዱልዱም እንጂ ከስል ምላጭ የመጣ አይደለም። የሚጎትት ከሆነ «አንድ ቀን ልጨርሰው» አትበል፤ ጣለው።

የአያያዙን ነገርማ፦ አትጫን። የብረቱ ክብደት ይበቃል። እኔ ራሴ መጀመሪያ የተላጨሁ ሰሞን እንደ ፕላስቲኩ ተጭኜ ከመንጋጭላዬ ሥር ቆርጬ ሸሚዜን አበላሽቻለሁ። ክዳኑን ጉንጭህ ላይ አሳርፍና ምላጩ ጢሙን እስኪነካ ድረስ እጀታውን ቀስ ብለህ ዝቅ አድርግ። በምላጩና በቆዳህ መሀል ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጢሙ ሲቆረጥ የሚሰማው ድምፅ ራሱ ይነግርሃል። አጭር አጭር አድርገህ ሂድ።

ከሱሉልታ የደወሉ አባት፦ «የወጣትነቴ መላጫ ከሣጥን ሥር ወጣ። ጂሌት ይላል። ይሠራል? ደግሞ ጠዋት ብርዱ አይጣል ነው፤ ሙቅ ውሃ ከሌለ መላጨት ይቻላል?»

አባቴ፣ ይሠራል። ዕድሜው አያሳስብዎት። በለብ ያለ ውሃና ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው ያጽዱት። ከዚያ በአልኮል ይጥረጉት። ክሩ በደንብ የሚጠብቅ ከሆነና ጠርዙ ካልተጣመመ ገና ብዙ ዓመት ያገለግልዎታል። አብሮት የወጣውን የድሮ ምላጭ ግን አይጠቀሙበት፤ አዲስ ይግዙ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሙቅ ውሃ የሚፈለገው ጢሙን ለማለስለስ ነው። ብዙ አያስፈልግዎትም። ለሻይ ከሚፈላው ማንቆርቆሪያ አንድ ኩባያ ቀድተው ከቀዝቃዛው ጋር ያመጣጥኑ፤ ፎጣ ነክረው ለሁለት ደቂቃ ፊትዎ ላይ ያድርጉ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሁሉ ይህ ይበቃል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ለማጠቢያ፣ አንድ ኩባያ ለማለቅለቂያ። ጀሪካን ሙሉ አያስፈልግም።

ከጀሞ የደወለ አድማጭ፦ «በተላጨሁ በማግሥቱ አንገቴ ላይ ብጉር ይወጣል። ያሳክከኛል። ጥቁር ጥቁር ጠባሳም ይተዋል። ባለ አምስት ስለቱን ውዱን ገዛሁ፤ ባሰብኝ። የብረቱ ያድነኛል?»

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማ አትጠይቀኝ። «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ለመዋብ የያዝከው ነገር ራሱ ሲያቆስልህ ግራ ይገባል።

ምክንያቱ ይኸው ነው። የእኛ ጢም ብዙውን ጊዜ ጥምዝ ነው። ባለ ብዙ ስለቱ መላጫ የፊተኛው ጸጉሩን ስቦ ከፍ ያደርገዋል፤ የኋለኛው ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጸጉር ወደ ቆዳ ውስጥ ይመለሳል። ሲያድግ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ታጥፎ የገዛ ቆዳህን ይወጋል። ቆዳህም እንደ እሾህ ቆጥሮት ያብጣል። ስለዚህ ስለቱ በበዛ ቁጥር ችግሩ ሊብስ ይችላል።

ባለ አንድ ስለት የብረት መላጫ ጸጉሩን ከቆዳ እኩል ነው የሚቆርጠው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሻለው። ግን ብረቱ ብቻውን አይበቃም። ጢምህ ወደ የት እንደሚተኛ በእጅህ ዳስሰህ እወቅ፤ አንገት ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ነው። በሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ ተላጭ። በተቃራኒው አትላጭ። ቆዳህን በጣትህ አትወጥር። አንዱን ቦታ ደግመህ ደጋግመህ አትሂድበት። ትንሽ ሻከር ብሎ ቢቀር ይቅር፤ ፍጹም ልስላሴን መፈለግ ነው ብዙዎቻችንን የሚያቆስለን። በየቀኑም አትላጭ፤ ሁለት ሦስት ቀን አሳርፈው።

አሁን ግን ብጉሩ ካለ፣ በተለይ ከመገለ፣ መላጨቱን ተው። ቢያንስ 4 ሳምንት አሳርፈው። አታፍርጠው፣ ጸጉሩንም በወረንጦ አትንቀለው። ከአንገትህ ኋላ ጠንካራ እብጠት እየሆነ ከሄደ ደግሞ የእኔ ምክር በቃ፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። ለጀሞ ሰው አለርት ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ የቆዳ ሕክምና አለው። ሥራ ቦታ «ጢምህን ተላጭ» የሚሉህ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ጠይቅ። አትፈር። በሽታ ነው፣ ስንፍና አይደለም።

አጭር ጥያቄ፣ ከለገጣፎ፦ «ወንድሜ ከጀርመን ይመጣል። ምን ላስመጣ?»

ከተቻለ መርኩር 34ሲ። ዞሊንገን ከተማ የሚሠራ፣ እጀታው አጠር ያለ፣ ከበድ ብሎ ለስላሳ የሆነ መላጫ ነው። ምላጩን ግን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው፤ በእጅ ሻንጣ ከያዘው ፍተሻ ላይ ይወሰድበታል።

ከቦሌ አራብሳ የደወሉ እናት፦ «ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ጢም አወጣ፤ በአባቱ መላጫ መላጨት ጀመረ። ምላጩን ይቀይራል። ችግር አለው? ደግሞ ያገለገለውን ምላጭ የት ልጣለው? ትንሽ ልጅም አለኝ።»

እናቴ፣ ጥሩ ጠየቁ። አባትና ልጅም ቢሆኑ የየራሳቸው መላጫ ይኑራቸው። ስለታማ ነገር በጋራ አለመጠቀም ሲባል ኤችአይቪን ብቻ እናስባለን። የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ምላጩ ቢቀየርም ደም መደቡና ክዳኑ ሥር ሊቀር ይችላል። ለልጁ ርካሽ የሆነ፣ ለስላሳ መላጫ ይግዙለት። የመጀመሪያውን ጊዜ አባቱ አጠገቡ ቆሞ ያሳየው፤ ጉንጩን ብቻ፣ አገጩን ለሌላ ቀን።

ይህን አጋጣሚ ጸጉር ቤት ለምትላጩም ልናገር። እኛ ባለሙያዎች ምላጩን ለሁለት ሰብረን ግማሹን እንጠቀማለን። ያ ግማሽ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱ እፊታችሁ ይከፈት። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ቅር አይለውም።

አንድ ምላጭ ከ3 እስከ 7 ጊዜ ያገለግላል፤ ወፍራም ጢም ቶሎ ይጨርሰዋል። ከተላጩ በኋላ ለቅልቀው ያራግፉት፤ አፉን በፎጣ አይጥረጉት፣ ይበላሻል፣ እጅም ይቆርጣል።

አወጋገዱን ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይውሰዱ። ክዳኑ ላይ በቢላ ምላጭ ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን ቀዳዳ ያብጁ። ክዳኑን በፕላስተር ጥብቅ አድርገው ያሽጉት። ልጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ያገለገለውን ሁሉ እዚያ ይክተቱ፤ ለመሙላት ዓመታት ይፈጅበታል። ሲሞላ ቀዳዳውንም ይሸፍኑና ላዩ ላይ «ምላጭ» ብለው በትልቁ ይጻፉበት። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በራችን ሲመጡ ማዳበሪያውን በእጃቸው ነው የሚያጭቁት። ጣሳውን ለብቻው ያዙና እጃቸው ላይ እየነገሯቸው ያስረክቡ።