በላቲን «ሞት» የሚል ስም ያለው መኪና

ጥያቄ፦ ሞርስ የሚባል የድሮ የፈረንሳይ መኪና ነበር። በላቲን «ሞት» ማለት ነው ይባላል፤ ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ ያሉት? ከሞርስ ኮድ ጋርስ ዝምድና አለው?

መልስ፦ ማንም መርጦ አላወጣውም፤ የባለቤቶቹ የቤተሰብ ስም ነው። ኤሚል ሞርስ ከወንድሙ ከሉዊ ጋር ፓሪስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያመርት ነበር፤ ወደ መኪና የገቡት በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኮዱ ሞርስ አሜሪካዊ ነው፣ አይዛመዱም። ለፈረንሳዊ አንባቢ ደግሞ ቃሉ ቀድሞ የሚያስታውሰው ፈረስ አፍ ውስጥ የሚገባውን የልጓም ብረት ነው። ስሙ ክፉ የመሰለው በ1903 የፓሪስ–ማድሪድ ውድድር ነው። ከሬኖ መኪና መሥራቾች አንዱን ማርሴል ሬኖን ጨምሮ ሰው ስላለቀ ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ ከተማ ላይ ተቋረጠ። እስከዚያ ያለውን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ በ5 ሰዓት ከሩብ ያህል ጨርሶ አንደኛ የወጣው ፈርናንድ ጋብርኤል ነበር፤ የያዘውም ሞርስ!

ጥያቄ፦ ካንዴላ የሌለው የዚያ ዘመን ሞተር እሳት አልሰጥ ሲል ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ከሚካው፣ ማለትም ጅረት ከማያሳልፈው የማዕድን መለያ። ሲሊንደሩ ውስጥ ሁለት ፑንቲናዎች (የሚገናኙና የሚላቀቁ የብረት ጫፎች) አሉ፤ አንዱ በሚካ ተለይቶ የቆመ፣ ሌላው በዘንግ የሚንቀሳቀስ። ሲላቀቁ በቦቢናው (በሽቦ ጥቅሉ) ያለፈው ጅረት ድንገት ይቋረጥና እሳት ይዘላል። ሽቦውን ነቅለው፣ ፑንቲናዎቹ ተለያይተው ሳለ፣ በቆመው ፑንቲናና በሞተሩ ብረት መካከል በቴስተር ይለኩ። ከተገናኙ ሚካው ጥላሸት ይዟል ወይም ተሰንጥቋል። ፈትተው በቤንዚን ይጠቡት፤ በብረት ቡርሽ ግን አይነካም፣ ይላጣል።

ሚካው ደህና ከሆነ ፑንቲናዎቹን ሙሉ ፊታቸው እንዲገጥም በቀጭን ሞረድ ያስተካክሉ፤ ቀጥሎ ዘንጉን ይዩ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ዘንጉ በካርቦን ከተያዘ ወይም ሞላው ከደከመ ፑንቲናው ቀስ ብሎ ይላቀቃል፣ እሳቱም ይሞታል። ወፍራም ዘይት አይጨምሩበት፣ ተቃጥሎ መልሶ ካርቦን ይሆናል። በእጅ አዙረው ሲያስነሱ ደግሞ የእሳቱን ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱ፤ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ከተቀጣጠለ ማዞሪያው ተመልሶ እጅ ይሰብራል። ካንዴላ ቢገጥሙለት ብቻውን አይሠራም፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ ማኝቶ (በማግኔት ጅረት የሚያመነጭ መሣሪያ) ወይም ቦቢና ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው የት ገባ?

መልስ፦ በ1902 አሜሪካዊው ባለጸጋ ዊልያም ቫንደርቢልት በሞርስ በሰዓት 122 ኪሎ ሜትር ነድቶ የፍጥነት ክብረ ወሰኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤንዚን መኪና አስገኘ። በኋላ ኩባንያው ሲንገዳገድ፣ ኋላ በስሙ መኪና ያመረተው አንድሬ ሲትሮየን መጥቶ አስተዳደረው። ሞርስ በ1925 ማምረት ሲያቆም ፋብሪካው ለሲትሮየን ሆነ።