«ተዘጋጅታለች?» ስለ ግሬሲ ጎልድ ስንገምት ያላየነው

[ምስል፦ ባዶ የበረዶ ሜዳ። ስልክ ላይ አጭር ቪዲዮ ይጫወታል።]

ቪዲዮው አስራ አምስት ሰከንድ ቢሞላ ነው። አንዲት ልጅ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ትመጣለች። ግራ እግሯ ላይ ታዘነብላለች። የቀኝ እግሯን ጫማ ጫፍ በረዶው ላይ ትወጋለች። ትነሳለች፣ ሶስቴ ትዞራለች፣ ታርፋለች። አለቀ።

ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። «ተመልሳለች!» ይላል አንዱ። «ፍጥነቷን አላያችሁም እንዴ? ገና ናት» ይላል ሌላው። ሶስተኛው ዝላዩን ትቶ ወገቧን ያያል። ወፈረች፣ ቀጠነች እያለ ካለፈው ዓመት ጋር ያወዳድራል።

የፊገር ስኬቲንግ፣ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ስፖርት፣ ደጋፊ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፣ ከሚገምቱት አንዱ ነበርኩና። ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው ስለ አሜሪካዊቷ ስኬተር ስለ ግሬሲ ጎልድ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ስለ እሷ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ለውድድር ተዘጋጅታለች ወይስ አልተዘጋጀችም? ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ግን ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ።

በሩጫ ወቅታዊ አቋም የሚባለው ነገር ቢያንስ ሰዓት አለው። አንድ ሯጭ ባለፈው ወር ስንት ገባ? ቁጥሩ ይነግርሃል። በፊገር ስኬቲንግ ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም። ተወዳዳሪዋ ሁለት ጊዜ በረዶ ላይ ትወጣለች። አንዴ ለአጭሩ ፕሮግራም፣ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ። አንዴ ለረጅሙ፣ 4 ደቂቃ ገደማ። እያንዳንዱ ዝላይ የራሱ ነጥብ አለው። ሶስቴ የሚዞረው ሉትዝ፣ ያ ቪዲዮው ላይ ያየነው ዝላይ፣ በ2018 በወጣው የነጥብ ሰንጠረዥ መነሻው 5.90 ነው። ያው ሉትዝ አንዴ ብቻ ከተዞረ ግን 0.60 ይሆናል።

እና ይህ አንዴ ብቻ መዞር በደንብ ሊገባን ይገባል። እግር ከበረዶ ከተነሳ በኋላ አየር ላይ ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ክንድን ደረት ላይ መሰብሰብ፣ እግርን በእግር ላይ ማቋረጥ፣ እንደ እንዝርት መሾር ያስፈልጋል። ሰውነት ይህን የሚያደርገው ካመነ ብቻ ነው። ትንሽ ጥርጣሬ ከገባ ክንዱ አይሰበሰብም። ይከፈታል። ስኬተሯ አንዴ ዞራ ታርፋለች። አልወደቀችም፣ አልተጎዳችም፣ ላላወቀ ሰው ምንም የሆነ አይመስልም። ነጥቡ ግን ጠፍቷል። በአጭሩ ፕሮግራም ላይ ሶስቴ መዞር የነበረበት ዝላይ እንዲህ ከሆነ ጭራሽ ዜሮ ነው።

ለዚህ ነው የአስራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ የማይበቃው። ዝላዩ በስንተኛው ሙከራ እንደተሳካ አይነግረንም። ሙዚቃው ተከፍቶ፣ እግር ዝሎ፣ ልብ እየመታ፣ ሶስተኛው ደቂቃ ላይ ያው ዝላይ ይሳካ እንደሆነ አይነግረንም። ዳኞች ፊት ለፊት ሲቀመጡ ክንዱ ይሰበሰብ እንደሆነማ ጨርሶ አይነግረንም።

[ምስል፦ የቦስተን የበረዶ ሜዳ፣ ሙሉ ተመልካች።]

ግሬሲ ጎልድ በጥር 2014 ቦስተን ላይ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች። በቀጣዩ ወር ሶቺ ኦሊምፒክ ላይ ከአገሯ ጋር በቡድን ነሐስ አገኘች፣ በግል አራተኛ ወጣች። ዕድሜዋ 18 ነበር። ስሟ ራሱ ጎልድ፣ ወርቅ ማለት ነው። ጋዜጠኛው በዚህ ስም ስንት ርዕስ እንደሠራበት መገመት አያቅትም። ልጅቷ ያንን ስም ተሸክማ ነው ያደገችው።

በ2016 እንደገና የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ቦስተን መጣ። የአሜሪካ ሴቶች ከ2006 ወዲህ ከዓለም ሻምፒዮና የግል ሜዳሊያ አላገኙም ነበር። አስር ዓመት። ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ አንደኛ የነበረችው ግሬሲ ነበረች። በአገሯ፣ በሕዝቧ ፊት። ረጅሙ ላይ ተበላሸባት። አራተኛ ሆነች። አስሩን ዓመት የሰበረችው የቡድን ጓደኛዋ አሽሊ ዋግነር ናት፣ በብር። ግሬሲ ከውድድሩ በኋላ እንዳፈረች ተናገረች፣ አገሯንም ይቅርታ ጠየቀች። በዓለም አራተኛ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀች! ያን ጊዜ ይህ የጠንካራ አትሌት ቁጭት መስሎን አለፍነው።

ግምቱ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

በ2016 መኸር ስኬት አሜሪካ በሚባለው ውድድር ላይ አምስተኛ ወጣች። ክብደት መቀነስ እንዳለባት ራሷ ለጋዜጠኞች ተናገረች። ከዚያ ማን ይመልሰው። ክብደቷ የሁሉም ሰው ወሬ ሆነ። በጥር 2017 ካንሳስ ሲቲ ላይ በአሜሪካ ሻምፒዮና ስድስተኛ ሆነች። አሰልጣኟ ፍራንክ ካሮል አብረው መሥራታቸው እንዳበቃ አስታወቀ። እሷ ወደ ሚሺጋን ሄዳ ከእነ ማሪና ዙዌቫ ጋር አዲስ ጀመረች። ኦሊምፒኩ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር።

እኛ ደጋፊዎች ያን ዓመት ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ። የግራንድ ፕሪ፣ በየመኸሩ የሚካሄዱት ተከታታይ ዓለም አቀፍ ውድድሮች፣ ምድብ ሲወጣ ስሟን እንፈልጋለን። ስሟ ካለ፣ ተዘጋጅታለች። አዲስ አሰልጣኝ ይዛለች፣ ጥሩ ምልክት ነው። ፎቶ ለጥፋለች፣ ፈገግ ብላለች፣ ጥሩ ነው። ለሁለት ሳምንት ምንም አልለጠፈችም፣ ኧረ ምን ሆነች? ከእያንዳንዷ ፍርፋሪ ዳቦ ልንጋግር እንሞክራለን። ሰው ስለሚወደው ነገር እንዲህ ያደርጋል፣ አልፈርድም። ግን የምንሰበስበው ሁሉ የላይ ላዩን ነው። ውስጡን ለቄስ እንደሚባለው ነው።

መልሱ የመጣው በ2017 መኸር ነው። መጀመሪያ እረፍት እንደምትወስድ አሳወቀች። ቀጥላም ለድባቴ፣ ለጭንቀትና ለአመጋገብ ሕመም ሕክምና ላይ መሆኗን በግልጽ ተናገረች። ከግራንድ ፕሪ ውድድሮቿ ወጣች። ጥር 2018 ላይ ለኦሊምፒክ ቡድን ሲመረጥ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አልነበረችም።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ሕመሙ ተደብቆ አልነበረም። ሰውነቷ ላይ ይታይ ነበር። ሁላችንም አየነው። አይተነው ግን ስሙን «አልተዘጋጀችም» አልነው። አንዳንዱ ስንፍና አለው፣ አንዳንዱ ዲሲፕሊን ጎደላት አለው። የአመጋገብ ሕመም ሁልጊዜ በመክሳት ብቻ የሚታይ ይመስለናል። አይደለም። ሰው ራሱን ሲያስርብ ሊከሳ ይችላል፣ ያው ሕመም መልኩን ሲቀይር ደግሞ ሊወፍር ይችላል። ልጅቷ በሁለቱም በኩል የተሰቃየች መሆኗን በኋላ ራሷ ተናገረች። ራሷን ስለ ማጥፋት ታስብ እንደነበርም አልደበቀችም። እኛ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሉትዟ ተመልሷል አልተመለሰም እያልን ነበር።

[ምስል፦ የጃፓን ባንዲራ የሚያውለበልቡ ተመልካቾች።]

እስኪ ከሌላ ወገን እንየው። በዚያው በ2017፣ ኅዳር ውስጥ፣ የጃፓኑ ዩዙሩ ሀንዩ ኦሳካ ላይ ልምምድ እያደረገ ወደቀ። አራቴ የሚዞረውን ሉትዝ ሲሞክር ነው። የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተጎዳ። የሶቺ ሻምፒዮን ነው፣ ሁለተኛ ወርቅ ይጠበቅበታል፣ ኦሊምፒኩ ሦስት ወር ቀርቶታል። ከዚያ ጠፋ። የጃፓን ሻምፒዮና ላይ የለም። በኦሊምፒኩ የቡድን ውድድር ላይም የለም። ስለ እሱም የማይባል ነገር አልነበረም፤ አለቀለት ያለም ነበር።

የካቲት 2018 በረዶው ላይ ወጣ። አጭሩ ፕሮግራም ላይ 111.68 አመጣ። በድምር 317.85 ይዞ ወርቁን ወሰደ። በወንዶች በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ ሰው ሲገኝ ከአሜሪካዊው ዲክ ባተን ወዲህ፣ ማለትም ከ1952 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ ተዘጋጅቶ ነበር? እሱ ራሱ ያለው የማስታገሻ መድኃኒት ባይወስድ ኖሮ መዝለል እንደማይችል ነው። የጎዳውን አራቴ ሉትዝ ትቶታል። ሉፕ የሚባለውንም አራቴ ዝላይ ትቶታል። ከአራቴ ዝላዮች ሳልኮውና ቶ ሉፕ በሚባሉት፣ በሚተማመንባቸው በሁለቱ ብቻ ነው የሄደው። ሙሉ ሀንዩ አልነበረም። ባለው ነገር ሒሳብ ሠርቶ የገባ ሀንዩ ነበር። የእሱ ዝምታ እኛን አሳስቶናል። የግሬሲ ፈገግታም አሳስቶናል። በሁለቱም በኩል ተሳስተናል፣ ያውም በአንድ ዓመት ውስጥ።

ወደ ግሬሲ እንመለስ። በኅዳር 2018 ሞስኮ ላይ ስሟ ተጠራ። ከጥር 2017 ወዲህ የመጀመሪያ ትልቅ ውድድሯ ነው። ሮስቴሌኮም ካፕ ይባላል። በአጭሩ ፕሮግራም የዚያ ምሽት መሪ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ አሊና ዛጊቶቫ ናት፣ 80.78። ግሬሲ 37.51 አመጣች። መጨረሻ ወጣች። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ዓለምን አጭሩ ፕሮግራም ላይ ስትመራ የነበረችው ልጅ ናት ይህች። በማግስቱ ከረጅሙ ፕሮግራም ወጣች። ውድድሩን መጨረስ እንደምትፈልግ፣ ግን የአእምሮ ጤናዋን ማስቀደም እንዳለባት ጻፈች። በጥር 2019ም ከአሜሪካ ሻምፒዮና ቀረች።

«ይኸው፣ አልተዘጋጀችም ብለን ነበር» ያሉ ነበሩ። በነጥብ ካየነው ልክ ናቸው። እኔ ግን በሞስኮው ነገር አልስማማም። በ2017 መጀመሪያ ላይ ያቺ ልጅ ምንም ቢመጣባት ረጅሙን ፕሮግራም ትወጣ ነበር። በ2018 መጨረሻ ላይ «ይበቃኛል» ማለት ቻለች። ይህን በየትኛውም የነጥብ ሰንጠረዥ ላይ አታገኙትም። ለእኔ ግን የመዳኗን ምልክት ያየሁት እዚያ ጋ ነው፣ ከማንኛውም የልምምድ ቪዲዮ በላይ።

[ምስል፦ ትንሽ የበረዶ ሜዳ፣ ጥቂት ወላጆች መቀመጫው ላይ።]

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙም አይወራለትም። በፔንሲልቬንያ ከአሰልጣኝ ቪንሰንት ሬስተንኩር ጋር ሠራች። ልጆችም ታሰለጥን ነበር። የአሜሪካ ሻምፒዮና ላይ በቀጥታ መግባት አልቻለችም። ስለዚህ ማጣሪያ መውረድ ነበረባት። ማጣሪያ ማለት ወላጆች ሻይ ይዘው የሚቀመጡበት፣ ታዳጊ ልጆችም የሚወዳደሩበት ቦታ ነው። የሁለት ጊዜ የአሜሪካ ሻምፒዮን እዚያ ቁጥሯ ሲደርስ ተሰልፋ ወጣች። በኅዳር 2019 ሦስተኛ ሆና አለፈች።

ጥር 2020፣ ግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና። ረጅሙን ፕሮግራም ጨረሰች። ሙዚቃው ሲቆም ሰው ከመቀመጫው ተነሳ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እሷ አለቀሰች። ውጤቷ 12ኛ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ለወጣ ሰው እንዲህ ሲጨበጨብ ያየሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እዚያ የነበረው ሰው ዝላይ አልቆጠረም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 2022፣ ናሽቪል ላይ እንደገና አጭሩን ፕሮግራም ወጣች። ወደ ኋላ እየተንሸራተተች መጣች። ግራ እግሯ ላይ አዘነበለች። የቀኙን ጫፍ በረዶው ላይ ወጋች። ክንዷ ተሰበሰበ። ሶስቴ ሉትዝ፣ ወዲያው ተያይዞ ሶስቴ ቶ ሉፕ። ሁለቱንም ቆማ አረፈች።