«ትንሽ እንጠብቅ» ስንት ወር ነው? — በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ መምህራን፣ የጤናና የንግግር ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከኋላ ያለው ክፍል ተዘጋጅቶላቸዋል፤ እዚህ መሐላችን ቢሯሯጡም ማንም አይቆጣቸውም። በምልክት ቋንቋ የምታስተረጉሙልን እህቶችና ወንድሞች፣ ከፈጠንኩባችሁ እጃችሁን አንሡልኝ።

የሥራ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ከእኔ አሳምረው ያቀርቡታል። የተሰጠኝን ጊዜ አንዲት አነጋገር ላይ ላጠፋው ነው የመጣሁት፤ የልጃችን ዕድገት ዘገየ ብለን ስንጨነቅ የሚመልሱልን «ትንሽ እንጠብቅ» የምትለው ላይ።

ይህችን ያልሰማ ወላጅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። «ወንድ ልጅ አፉን እስኪፈታ ይዘገያል።» «አባቱም እንዲሁ ነበር።» «አንቺ ደግሞ ሥጋት ታበዢያለሽ።» የሚሉን የሚወዱን ሰዎች ናቸው፤ ክፋቱም እሱ ላይ ነው፣ ከሚወዱን ጋር መከራከር ይከብዳል።

እኔ ስለ ልጄ መጀመሪያ የጠየቅሁት 14 ወሩ ላይ ነው። ያየው ሐኪም ደግ ሰው ነበር፤ አገላብጦ አየውና «ደህና ነው፣ ትንሽ እንጠብቅ» አለኝ። በ20 ወሩ ሌላ ሐኪም ያንኑ ደገመልኝ። እኛም ቤት ውስጥ ራሳችንን እናታልል ነበር። የድስት ክዳን ከኋላው ሲወድቅ ልጁ ዞር ይላል፤ «ይኸው፣ ይሰማል!» እንላለን። ወለላችን ጣውላ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም። ለካ የሚዞረው ጣውላው እግሩ ሥር ስለሚርገበገብ ነው። የመስማት ምርመራ የተደረገለት በ26 ወሩ ነው። ከ14 እስከ 26 ድረስ 12 ወር። ለእኔ አንድ ዓመት ነበር፤ ለእሱ ግን እስከዚያ ቀን ከኖረው ዕድሜ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

ነገሬ ይኸው ነው። ለአዋቂ ሰው ስድስት ወር ወረፋ መጠበቅ ያናድዳል። ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ ስድስት ወር የዕድሜው ሩብ ነው፤ ያውም ቋንቋ የሚይዝበት፣ ሰው ፊት ላይ ማንበብ የሚማርበት ሩብ። ጨቅላ ሕፃናት ላይ የመስማት ምርመራ የሚሠሩ ባለሙያዎች 1፣ 3፣ 6 የሚሉት መለኪያ አላቸው፤ በ1 ወሩ ማጣሪያ ምርመራ፣ በ3 ወሩ ቁርጡን ማወቅ፣ በ6 ወሩ ድጋፍ መጀመር። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ስድስት የሚለው ዓመት መስሎኝ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ድጋፍ ሲባል መስሚያ መሣሪያ ብቻ አይደለም። መሣሪያው እስኪመጣ ወይም ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ልጁ ያለ ቋንቋ መቀመጥ የለበትም። ምልክት ቋንቋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቋንቋ ነው። መስማት የተሳናቸው አባሎቻችን ይህን ስንት ዓመት ሲነግሩን ኖረዋል፤ ዘግይተን ነው የሰማናቸው።

ባለሙያዎቻችን ልጁን ገና በጨቅላነቱ መደገፉን «ቅድመ ጣልቃ ገብነት» ይሉታል። ቃሉ ለእናት ጆሮ ይሻክራል፣ ቤቴ ፖሊስ የሚገባ ነው የሚመስለኝ። እኔ ቀዳሚ ድጋፍ እለዋለሁ። ምን እንደሆነ ደግሞ ከማብራራው ያየሁትን ብነግራችሁ ይሻላል።

መጀመሪያ ቤታችን የመጣችው ባለሙያ ቦርሳ ሙሉ መጫወቻ ይዛ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። ባዶ እጇን መጣች። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ልጁን ትታ እኔን ማየት ጀመረች፤ እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም። ልጄ ትንንሽ መኪኖቹ ያሉበትን ብልቃጥ አምጥቶ እጄ ላይ ጫነው። ክዳኑ ስለሚጠብቅበት ሁልጊዜ የምከፍትለት እኔ ነኝ። ልከፍት ስል «ይቆዩ፣ አይክፈቱለት። ፊቱን እያዩ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ» አለችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልጁ ብልቃጡን አየ፣ እጄን አየ። አራት ላይ ቀና ብሎ ዐይኔን አየ። ያኔ በእጇ «ክፈቺ» የሚለውን ምልክት አሳየችው፤ እኔም ደገምኩት፣ ከፈትኩ። ከብዙ ብልቃጥ በኋላ አንድ ቀን ምልክቱን ራሱ ሠራው፤ ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርተዋል፣ ግን ሠራው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሳይከፈት የቀረ ነገር የለም፤ በር፣ ቁም ሣጥን፣ ጃንጥላ።

ባለሙያዋ የምትመጣው በሳምንት አንድ ሰዓት ነበር። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የቀረው 167 የማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪዎች «ስንት ሰዓት እንሰጣለን» ብቻ ሳይሆን «ወላጁ ምን ይዞ ቀረ» ብለው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ልጁን ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ እናትን ኮሪደር ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር ዛሬም አለ።

ብዙዎቻችን ይህን የመንግሥት አገልግሎት እንደ ችሮታ እናየዋለን፤ ግን መብት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 25 ቶሎ መለየትንና ቶሎ መደገፍን በስም ይጠራል፤ በአንቀጽ 26 ደግሞ ድጋፉ በተቻለ መጠን ገና ከጅምሩ እንዲሆን ይላል። ወረቀት ነው፣ አውቃለሁ። ወረቀት እንዴት ሥራ እንደሚሆን ግን ከእኛ መሰል ማኅበር መማር ይቻላል። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር በ1971 እ.ኤ.አ. ግዛቱን ከሰሰ፤ «ይህ ልጅ መማር አይችልም» ተብሎ ከትምህርት ቤት መመለስ ይቅር አለ። በ1972 ግዛቱ ልጆቹን ለማስተማር የተስማማበት ውል በፍርድ ቤት ጸደቀ። በ1975 አገር አቀፍ ሕግ ወጣ። ሕጉ ሲወጣ የአሜሪካ ምክር ቤት ራሱ ያሰፈረው ቁጥር 1 ሚሊዮን አካል ጉዳተኛ ልጆች ጨርሶ ከመንግሥት ትምህርት ውጪ እንደነበሩ ይናገራል። ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ያሉት ሕፃናት በሕጉ የታሰቡት ደግሞ በ1986 ነው፤ ከ11 ዓመት በኋላ። ትንንሾቹ እዚያም ወረፋ ጠብቀዋል ማለት ነው።

በዚያ ሕግ አሠራር እኔን የሚያስቀናኝ አንድ ቁጥር ነው፤ 45። ልጁ ሪፈር ከተባለበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምዘናው አልቆ ቤተሰቡ ለዕቅድ መቀመጥ አለበት። ወላጅ ራሱ ደውሎ ልጁን ማስመዝገብ ይችላል። የበሽታ ስም እስኪወጣለትም አይጠበቅም፤ ዕድገቱ መዘግየቱ ከታየ ይበቃል። ቀኑ ሳይከበር የሚያልፍበት ጊዜ የለም አልልም። ነገር ግን 45ኛው ቀን ሲያልፍ አለፈ ብሎ መክሰስ ይቻላል። «ትንሽ» መቼ ነው የሚያልፈው?

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓመት ልደት ልምጣ፤ ዘንድሮ ከእናንተ ከሰማነው ቅሬታ ልቤን የነካው እዚህ ላይ ነው። አገልግሎቱ በዕድሜ ተከፋፍሎ በሚሰጥበት ብዙ ቦታ ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ትናንት ቤት የምትመጣው ባለሙያ ዛሬ የለችም። ዕቅዱ የቤተሰብ ነበር፣ አሁን የልጁ የትምህርት ዕቅድ ይሆናል። ቅጹ አዲስ፣ ቃሉ አዲስ፣ ስልኩን የሚያነሳው ሰውም አዲስ። ልጄ አገልግሎቱ ውስጥ የገባው በ26 ወሩ ነው፤ እስከ ሦስት ዓመቱ የቀረው 10 ወር ብቻ ነበር። ሰዎቹን ለምደን ሳንጨርስ ተሰናበትናቸው። በአሜሪካው ሕግ የርክክቡ ስብሰባ ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን በፊት መደረግ አለበት፣ የትምህርት ዕቅዱም በልደቱ ቀን ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። እኛም የምንጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አስረካቢውና ተረካቢው ወላጁ ባለበት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ፋይል በፖስታ መላክ ርክክብ አይደለም።

አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው ስለሚማሩበት አካቶ ትምህርት ከሰዓት በኋላ ሰፊ ውይይት ስለተያዘ አጭር ላድርገው። ልጅን መደበኛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥና ማካተት አንድ አይደሉም። ረዳት መምህር የሌለው፣ የሚገባውን ቋንቋ የሚናገርለት የሌለው ልጅ አርባ ልጆች መሐል ሆኖም ብቻውን ነው። ይህን የምለው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱንም ብቻቸውን ነው የተውናቸው።

ሥራ አስፈጻሚው ለጉባኤው ሁለት የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። አንደኛው፣ «ጠብቁ» የተባለ ማንኛውም ቤተሰብ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ቀኑ በጽሑፍ እንዲሰጠው ማኅበሩ በየደረጃው እንዲጠይቅ ነው። ሁለተኛው አሁን ያነሣሁት የርክክብ ጉዳይ ነው። አንዳንድ አባላት የባለሙያ እጥረት ባለበት ቀን ማስቆረጥ ባለሙያዎቹን ማጨናነቅ ነው ብላችሁ እንደምትቃወሙ አውቃለሁ። ክርክሩን እንስማው፤ ተናግራችሁ ካሳመናችሁኝ ድምፄን እቀይራለሁ።

የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ ተከፍቷል። አጀንዳውን እንዲያነቡልን መድረኩን ለዋና ጸሐፊያችን እለቃለሁ። በነገራችን ላይ ከኋላ ረድፍ ጃንጥላ እየከፈተና እየዘጋ ያለው ልጅ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።